ላፕቶፑ ይቆየን፦ አልጎሪዝምን በብዕርና በወረቀት

 

ከዒሻ ሰላት በኋላ በምናደርገው የጥናት ፕሮግራም ላይ ከአዲስ ገቢ ተማሪዎች ደጋግመን የምንሰማው ቅሬታ አለ፦ «ፕሮግራሚንግ አልገባኝም። ላፕቶፕም የለኝም። ዲፓርትመንት ብቀይር ይሻለኛል።» ቅሬታው እውነት ነው። ብዙዎቻችን የመጣነው ኮምፒውተር ቢኖር እንኳ ክፍሉ ተቆልፎ ከሚውልባቸው የወረዳ ትምህርት ቤቶች ነው። ከእኛ ከጸሐፊዎቹ መካከልም ሶዶ እስክንገባ ድረስ ኪቦርድ ነክተን የማናውቅ አለን።

እኛም በመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ሚድ ፈተና ወድቀናል። ከሦስት ቁጥሮች ትልቁን የሚያወጣውን ፕሮግራም ከሐንድአውቱ ላይ ቃል በቃል ሸምድደን ገባን። ፈተናው ግን ከአራት ቁጥሮች በትልቅነት ሁለተኛውን የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፉ አለን። የያዝነው የሌላ ጥያቄ መልስ ስለነበር እሱኑ ገልብጠን ወጣን፤ ውጤታችንም የሚገባንን ያህል ሆነ። ያኔ ጥፋቱን በላፕቶፕ እጦት አሳበብን። ቆይተን ስናስበው ግን ላፕቶፕ ቢኖረንም ያንኑ መልስ ነበር የምንሸመድደው። ያጣነው ሌላ ነገር ነው፤ ከጥያቄው ወደ መልሱ የሚወስደውን መንገድ ራሳችን መንደፍ አንችልም ነበር። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ መንገድ ነው። ስሙ አልጎሪዝም ነው፤ ለመማሩም ብዕርና ወረቀት ይበቃል።

መሸምደድና መረዳት

በመድረሳ ያደግን ሰዎች መሸምደድን አናቃልልም። የቁርኣን ሒፍዝ ቃሉ እንዳለ እንዲጠበቅ የሚደረግ ክቡር ሥራ ነው። ኮድ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ጥያቄው ሲቀየር ኮዱም ይቀየራል። መድረሳ ውስጥም ቢሆን ሁሉም ትምህርት በሒፍዝ ብቻ አይያዝም። ፈራኢድ፣ ማለትም የውርስ ክፍፍል ስንማር፣ በቃል የያዝነው ድርሻዎቹን ነው፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስድስተኛ እያልን። ኡስታዙ አንድ ቤተሰብ ሲሰጡን ግን መልሱን የምናገኘው በደረጃ አስልተን ነበር፤ የትኛው ቤተሰብ እንደሚመጣ ማንም አያውቅማ። ስሙን ሳናውቀው አልጎሪዝም እንሠራ ነበር ማለት ነው።

አልጎሪዝም ምንድን ነው?

አልጎሪዝም አንድን ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚያደርስ፣ በግልጽ የተቀመጠ የእርምጃዎች ቅደም ተከተል ነው። በዘርፉ እጅግ የታወቁትን መጻሕፍት የጻፈው አሜሪካዊው ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው የመጀመሪያ ቅጽ አምስት መለያዎችን አስቀምጦለታል። ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦

1. ግብዓት፦ ሥራው የሚጀመርበት መረጃ።
2. ውጤት፦ በመጨረሻ የምናገኘው ነገር።
3. ግልጽነት፦ እያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ትርጉም የሌለው መሆኑ።
4. ማለቂያ፦ ከተወሰነ እርምጃ በኋላ የግድ መቆሙ።
5. ተፈጻሚነት፦ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ሰው በብዕርና በወረቀት ሊሠራው የሚችል መሆኑ።

አምስተኛውን ልብ በሉልን። ኮምፒውተር የለኝም የሚለው ወንድማችንም ሆነች እህታችን ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደሉም። ፓይተንም ሆነ ሲ ፕላስ ፕላስ አልጎሪዝሙ ካለቀ በኋላ የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ናቸው። የሚናገረው ነገር የሌለው ሰው ሰዋስው ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

ቃሉ የመጣው ከሰው ስም ነው። ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ. 813–833) በባግዳድ የጥበብ ቤት፣ በበይቱል ሒክማ ይሠራ የነበረ ሊቅ ነው። «አል-ኸዋሪዝሚ» ዛሬ በአብዛኛው በኡዝቤኪስታን ከሚገኘው የኸዋሪዝም አገር ጋር የሚያያዝ መጠሪያ ነው። በሕንድ ቁጥሮች ስለማስላት የጻፈው መጽሐፍ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎም ስሙ «አልጎሪትሚ» ተብሎ ተጻፈ። አልጎሪዝም የሚለው ቃል የወጣው ከዚያ ነው። «አልጀብራ» የሚለውም ቃል እ.ኤ.አ. በ820 አካባቢ ከጻፈው ከሌላው መጽሐፉ ርዕስ፣ «አል-ጀብር» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው።

ከዚህ መጽሐፍ ሰፊውን ቦታ የያዙት የኑዛዜና የውርስ ስሌቶች ናቸው። ዓላማው ሰዎች በውርስ፣ በንግድና በመሬት ልኬት የሚቸገሩበትን ስሌት ማቃለል ነበር። ስለዚህ እኛም ከዚያው እንጀምር።

አንደኛ፦ ቅደም ተከተልና ውሳኔ

አንዲት እናት ሞተች እንበል። ወላጆቿ ከእሷ በፊት ሞተዋል። ባሏን፣ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ትታለች። የተወችው ንብረት 150,000 ብር ነው። ለቀብር 5,000 ብር ወጥቷል፤ 25,000 ብር ዕዳ አለባት፤ ኑዛዜ የለም። አልጎሪዝሙ ይህን ይመስላል፦

1. ከጠቅላላው ንብረት የቀብር ወጪው ይቀነስ።
2. ከቀረው ዕዳው ይቀነስ።
3. ወራሽ ላልሆነ ሰው የተደረገ ኑዛዜ ካለ፣ ከቀረው ሲሶ ሳያልፍ ይቀነስ።
4. ሟቿ ልጅ ካላት የባል ድርሻ ሩብ ይሁን፤ ከሌላት ግማሽ ይሁን።
5. የባል ድርሻ ወጥቶ የተረፈው፣ ለወንዱ የሴቷ እጥፍ ሆኖ ለልጆቹ ይከፋፈል።

እናስላው። ከ150,000 ላይ 5,000 ስንቀንስ 145,000፤ ዕዳውን ስንቀንስ 120,000 ይቀራል። ልጆች ስላሏት ለባል ሩቡ፣ 30,000 ብር ይደርሰዋል። የቀረው 90,000 በሦስት ተከፍሎ ወንዱ 60,000፣ ሴቷ 30,000 ብር ይወስዳሉ።

አሁን አንድ ሰው ቸኩሎ ሁለተኛውን እርምጃ ወደ መጨረሻ አዘዋወረው እንበል። ከ145,000 ላይ ለባል 36,250፣ ለወንዱ 72,500፣ ለሴቷ 36,250 ይደርሳል። መደመሩም ማካፈሉም ልክ ነው፤ አንድም የሒሳብ ስህተት የለበትም። ነገር ግን አበዳሪው መጥቶ ገንዘቡን ሲጠይቅ ንብረቱ ተከፋፍሎ አልቋል። የእርምጃ ቅደም ተከተል ሲዛባ የሰው ሐቅ ይጠፋል። ፕሮግራም ላይም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ያለ ምንም የስህተት መልእክት የተሳሳተ መልስ ሊሰጠን ይችላል፤ ያዘዝነውን በታማኝነት ፈጽሟልና።

አራተኛው እርምጃ ደግሞ ውሳኔ ነው፤ «ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያን» ይላል። የትኛውንም የፕሮግራም ቋንቋ ስትማሩ የምታገኙት የ«ኢፍ» እና «ኤልስ» ትእዛዝ ይኸው ነው።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ይህ አልጎሪዝም የተጻፈው ለዚህ ዓይነት ቤተሰብ ብቻ ነው። የሟቿ እናት በሕይወት ብትኖር ስድስተኛ ድርሻ ይኖራት ነበር፤ እኛ የጻፍነው ግን አያውቃትም። አልጎሪዝም ስንጽፍ «ለየትኛው ግብዓት ይሠራል? የማንን ጉዳይ ረሳን?» ብለን መጠየቅ አለብን። እውነተኛ የውርስ ጉዳይ የገጠመው ደግሞ ወደ ዓሊሞች ይሂድ፤ እኛ ምሳሌ ነው የሰጠነው።

ሁለተኛ፦ መደጋገም

በዓለም ላይ ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ብዙ ጀማሪዎች በአገራችን ስም የሚጠራ አንድ መልመጃ ይሠራሉ፤ «ኢትዮጵያዊ ማባዛት» ይባላል። «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» የሚሉትም አሉ። የቅርብ ዘመዱ ከ3,500 ዓመት በፊት በተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ ላይም ይገኛል። የማባዛት ሰንጠረዥ አይጠይቅም። ለሁለት ማካፈል፣ በሁለት ማባዛትና መደመር የሚችል ሁሉ ይሠራዋል።

ሶዶ ገበያ ወጥተን 13 ኪሎ ጎደሬ በኪሎ 24 ብር ገዛን እንበል። 13 በግራ፣ 24 በቀኝ እንጽፋለን። ግራውን ለሁለት እያካፈልን (ቀሪውን እየጣልን)፣ ቀኙን በሁለት እያባዛን እንወርዳለን፦

13 — 24
6 — 48
3 — 96
1 — 192

ቀጥሎ በግራ በኩል ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን ረድፍ እንሰርዛለን። 6 ተጋማሽ ስለሆነ 48 ይሰረዛል። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች እንደምራለን፤ 24 + 96 + 192 = 312 ብር። በለመዳችሁት መንገድ አባዝታችሁ አመሳክሩት።

ለምን ይሠራል? 13 ማለት 8 + 4 + 1 ስለሆነ ነው። 192 የ24 ስምንት እጥፍ፣ 96 አራት እጥፍ፣ 24 ደግሞ ራሱ ነው። የተሰረዘው 48 ሁለት እጥፉ ነበር፤ 13 ውስጥ ግን ያ 2 አያስፈልግም። የቀረውን ረድፍ 1፣ የተሰረዘውን 0 ብላችሁ ከታች ወደ ላይ ብታነቡ 1101 ይሆናል። ይህ ኮምፒውተር 13ን የሚጽፍበት የባይነሪ አጻጻፍ ነው።

በአልጎሪዝም መልክ ስናስቀምጠው፦

1. ድምር 0 ይሁን።
2. ግራ ከ0 እስከበለጠ ድረስ እነዚህ ሦስቱ ይደጋገሙ፦
ሀ. ግራ ኢተጋማሽ ከሆነ ቀኝ በድምር ላይ ይጨመር።
ለ. ግራ ለ2 ይካፈል፤ ቀሪው ይጣል።
ሐ. ቀኝ በ2 ይባዛ።
3. ድምር ይጻፍ።

መጀመሪያ ስንጽፈው ሁለተኛውን እርምጃ እንዲህ አላልነውም ነበር። «ግራ 1 እስኪሆን ድረስ ይደጋገም» ነበር ያልነው፤ ሰንጠረዡ 1 ላይ ስለሚያልቅ ልክ መስሎን። ከዚያ በወረቀት ተከታተልነው። ግራ 13 ሲሆን ድምር 24 ሆነ። ግራ 6 ሲሆን አልተለወጠም። ግራ 3 ሲሆን 120 ሆነ። ግራ 1 ሲሆን መደጋገሙ ቆመ፤ የመጨረሻው 192 ሳይደመር ቀረ። የ312 ብር ጎደሬ በ120 ብር ሸጥነው ማለት ነው።

የባሰው ስህተት የታየን ላብ ውስጥ ነው። ከመካከላችን አንዱ በግራ በኩል 0 አስገባ። 0 ለሁለት ቢካፈል 0 ነው፤ መቼም 1 አይሆንም። ፕሮግራሙ ሳያቆም ቀረ፤ እኛም ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብለን ደነገጥን። የተበላሸ ነገር አልነበረም። የጻፍነው ነገር ከአምስቱ መለያዎች አራተኛውን፣ ማለቂያን አላሟላም ነበር። «ግራ ከ0 እስከበለጠ ድረስ» ስንለው ሁለቱም ስህተቶች ተስተካከሉ፤ 13 በ24 ሲባዛ 312፣ 0 ሲገባ ደግሞ ወዲያው 0 ሰጠን።

ከዚህ ሁለት ልማድ ያዝን። አንደኛው፣ በእያንዳንዱ ዙር የግራን፣ የቀኝንና የድምርን ዋጋ በሰንጠረዥ እየጻፉ መከታተል ነው። ሁለተኛው፣ አልጎሪዝሙን በተለመደ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በ0፣ በ1ና በትልቅ ቁጥርም መፈተን ነው።

ሦስተኛ፦ ሁለት ትክክለኛ መንገዶች እኩል አይደሉም

ብዙዎቻችን የምንቀራበት የመዲና እትም ሙስሐፍ 604 ገጽ አለው። ማውጫ ሳናይ ሱረቱ ያሲንን እንፈልግ። አንዱ መንገድ ከገጽ 1 ጀምሮ አንድ በአንድ መግለጥ ነው። ያደርሳል፤ ግን ያሲን የሚጀምረው ገጽ 440 ላይ ስለሆነ 440 ገጽ እናያለን።

ሌላው መንገድ በቅደም ተከተሉ መጠቀም ነው። ያሲን 36ኛው ሱራ ነው። መሐሉን፣ ገጽ 302ን እንከፍታለን፤ አል-ካህፍ ነው፣ 18ኛው። ያሲን ከዚህ በኋላ ስለሆነ የፊተኛው ግማሽ በሙሉ ከፍለጋው ወጣ። የቀረውን መሐል፣ ገጽ 453ን ስንከፍት ሷድ ነው፣ 38ኛው፤ አልፈነዋል። ከ303 እስከ 452 ያለው ቀረ። መሐሉ 377 አን-ነምል ነው፣ 27ኛው፤ ወደፊት። 415 አስ-ሰጅዳ፣ 32ኛው፤ ወደፊት። 434 ፋጢር፣ 35ኛው፤ ወደፊት። 443 ስንከፍት ያሲን ውስጥ ነን። በስድስት መክፈት ደረስን።

ይህ «ባይነሪ ሰርች» ይባላል፤ እየገመሱ መፈለግ ማለት ነው። በ604 ገጽ ውስጥ የትኛውንም ገጽ ብንፈልግ ከ10 መክፈት አያልፍም፤ 2 ለ10 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1,024 ነውና። በፊደል ተራ የተቀመጠ የአንድ ሚሊዮን ሰዎች ስም ቢሆን እንኳ 20 ጊዜ ማየት ይበቃል፤ አንድ በአንድ ብናይ ግን እስከ ሚሊዮን ጊዜ ሊያደርሰን ይችላል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ዝርዝሩ በቅደም ተከተል የተቀመጠ መሆን አለበት። ተራ የሌለው ዝርዝር ላይ መሐሉን ብናይ የፈለግነው በየት በኩል እንዳለ አይነግረንም። መረጃን በተራ ማስቀመጥ፣ ማለትም «ሶርቲንግ»፣ በዚህ ኮርስ ብዙ ቦታ የሚይዘው ለዚህ ነው።

እንዴት እናጥና?

ለማንኛውም ጥያቄ በዚህ ተራ እንሂድ። መጀመሪያ ግብዓቱና ውጤቱ ምን እንደሆነ በአማርኛ፣ በወላይትኛ ወይም በሚቀናን ቋንቋ እንጻፍ። ቀጥሎ አንድ ትንሽ ምሳሌ በእጃችን እንሥራ፤ እጃችን ምን እያደረገ እንደሆነ እናስተውል። ያደረግነውን በቁጥር በተቀመጡ እርምጃዎች እንጻፍ። በሰንጠረዥ እንከታተል፣ በአስቸጋሪ ቁጥሮች እንፈትን። ወደ ኮድ የምንለውጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ በላብ የምናገኛት አጭር ሰዓት ትበቃናለች። መብራት ቢጠፋም ጥናታችን አይቋረጥም።

ለቀጣዩ ፕሮግራም እነዚህን አራት መልመጃዎች ሠርታችሁ ኑ፦

1. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ አለዚያ 5 ናት። ዓመቱን ተቀብሎ የጳጉሜን ቀናት የሚናገር አልጎሪዝም ጻፉ። ለ2015 እና ለ2019 6፣ ለ2016 5 ማለቱን አረጋግጡ።
2. አንድ ሰው ያለው ገንዘብ ኒሷብ ከሞላና ዓመት ከዞረበት ዘካው 2.5 በመቶ ነው። ሁለቱም ሁኔታዎች መሟላታቸውን የሚመረምር አልጎሪዝም ጻፉ።
3. ከሶዶ አዲስ አበባ በአረካና በሆሳዕና በኩል ወይም በቦዲቲና በሻሸመኔ በኩል መሄድ ይቻላል። የሁለቱን ታሪፍና ሰዓት ተቀብሎ አንዱን የሚመርጥ አልጎሪዝም ጻፉ። ታሪፉ እኩል ከሆነስ?
4. እኛን የጣለን ጥያቄ፦ ከአራት ቁጥሮች በትልቅነት ሁለተኛውን ማውጣት። ሁለቱ ትልልቅ ቁጥሮች እኩል ቢሆኑ ምን መልስ እንደምትሰጡ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ለነባር ተማሪዎች አንድ አደራ

አዲስ ገቢ ተማሪ አሳይመንት ይዞ ሲመጣ የተሠራ ኮድ በቴሌግራም ልከንለት እንደረዳነው ይሰማናል። አልረዳነውም፤ ለአንድ ቀን ከጭንቀት አሳርፈን ለፈተናው ባዶ እጁን ሰደድነው። «ቀላል እኮ ነው» ማለታችንም አይጠቅመውም፤ ያልገባው ሰው ሞኝ ነኝ ብሎ እንዲደምድም ያደርገዋል። ይልቅ አጠገቡ ተቀምጠን ወረቀት እንስጠውና «በእጅህ ብትሠራው ከየት ትጀምራለህ?» እንበለው። እህቶችም በእህቶች የጥናት ክፍል እንዲሁ ያድርጉ።

ዲፓርትመንት ለመቀየር ላሰባችሁ ደግሞ፦ ውሳኔው የእናንተ ነው። ግን እነዚህን አራት መልመጃዎች በወረቀት ሳትሞክሩ አትወስኑ። ሞክራችሁ ባይሆንላችሁም ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ የት ላይ እንደቆማችሁ አብረን እናየዋለን። ባዶ ወረቀት ከሚመጣ የተሳሳተ ሰንጠረዥ ቢመጣ ይሻለናል፤ ስህተቱ የትኛው ረድፍ ላይ እንዳለ ያሳየናልና።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ በተማርነውም ሌላውን የምንጠቅም ያድርገን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።